የተማረችውን ልጅ የት ነው የምንፈልጋት?

ሰሞኑን አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው አየሁ። እኔም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጸሐፊው መከራከሪያ በአጭሩ ይህ ነው፦ ዓለም ከሠላሳ ዓመት በላይ ሴት ልጆችን ለማስተማር ገንዘብ ስታፈስ ኖራለች፣ የተባለው ጥቅም ግን አልታየም፣ ስለዚህ ገንዘቡ ወደ መንገድ፣ ወደ ኃይል ማመንጫና ወደ ፋብሪካ ቢዞር ይሻላል። ለዚህም ሰባት ምክንያት ይደረድራሉ።

ጸሐፊው አልተሳደቡም። በጨዋ ቋንቋ ነው የጻፉት። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ልክ ናቸው፣ እሱንም ሳልደብቅ እናገራለሁ። መልስ ለመጻፍ የተነሳሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ስድብ ሲሆን ማለፍ ይቻላል። በጨዋ ቋንቋ የቀረበ ስህተት ግን ሰው ያሳምናል። ሰው ካመነ በጀት ይቀየራል። በጀቱ ሲቀየር ደግሞ ከትምህርት ቤት የምትቀር ልጅ አለች።

በእሳቸው ቅደም ተከተል ነው የምሄደው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

«የሴት ልጅ ትምህርት የእርዳታ ድርጅቶች መፈክር ነው» ብለው ይጀምራሉ። መነሻውንም 1992 ላይ ያደርጉታል። በዚያ ዓመት የዓለም ባንክ ዋና ኢኮኖሚስት የነበሩት ላውረንስ ሰመርስ ኢስላማባድ ላይ ንግግር አድርገው ነበር። በታዳጊ አገሮች ካሉት ኢንቨስትመንቶች ሁሉ ከፍተኛውን ትርፍ የሚያስገኘው የሴት ልጆች ትምህርት ሳይሆን አይቀርም አሉ። ጸሐፊው እንደሚሉት ከዚያ ወዲህ ሁሉም ይህንኑ እየደገመ ነው።

እዚህ ላይ የምስማማበት ነገር አለ። መድረክ ላይ የሚወረወሩ አንዳንድ ቁጥሮች ውሃ አያነሱም። ለምሳሌ «ሴት ካገኘችው ገቢ 90 በመቶውን ለቤተሰቧ ታውለዋለች» የሚል አባባል በየፖስተሩ ታያላችሁ። ጸሐፊው ከዚህ ቁጥር ጀርባ ጠንካራ ጥናት የለም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም እንዲህ ያለ ቁጥር ባንጠቀም ደስ ይለኛል። ጥሩ ጉዳይ በደካማ ቁጥር ከተደገፈ፣ ቁጥሩ የወደቀ ቀን ጉዳዩንም ይዞት ይወድቃል።

ግን ነገሩ በ1992 አልተጀመረም። በ1948 የወጣው ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 26 ላይ ማንኛውም ሰው የመማር መብት አለው ይላል። ስለ ትርፍ የሚያወራ ነገር እዚያ የለም። ምርምሩም ቢሆን ከንግግሩ ይቀድማል። በ1979 ጆን ካልድዌል የተባሉ አውስትራሊያዊ የሥነ ሕዝብ ተመራማሪ ከናይጄሪያ የተሰበሰበ መረጃ ይዘው አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ሕፃናት የሚሞቱበትንና የሚተርፉበትን ቤት የሚለየው ምንድን ነው? የአባትየው ሥራ፣ የሚኖሩበት ሰፈር፣ ሌላም ሌላም ተመዘነ። ከሁሉም በልጦ የወጣው የእናትየው ትምህርት ነበር። ካልድዌል ይህን ሲጽፉ መፈክሩ ገና አልተወለደም።

ሁለተኛው ነጥባቸው ከሁሉም ይከብዳል። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

«የተማረች እናት ልጆች በሕይወት የሚቆዩት እናታቸው ስለተማረች አይደለም፤ ቀድሞውኑ ሻል ያለ ኑሮ ያለው ቤተሰብ ውስጥ ስለተወለደች ነው» ይላሉ። ሴት ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ ቤተሰብ ንጹህ ውሃም አለው፣ ሐኪም ቤትም ይቀርበዋል። ትምህርቱ እንዲሁ አብሮ የታየ ነገር ነው። ሁለት ነገር አብሮ ስለታየ አንዱ ሌላውን አመጣው ማለት አይቻልም።

ጥሩ ጥያቄ ነው። በ2010 «ዘ ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት የ175 አገሮችን መረጃ አይቶ ነበር። ከ1970 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ከአምስት ዓመት በታች ሆነው የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በዓመት በ8.2 ሚሊዮን ቀነሰ። ከዚህ ውስጥ 4.2 ሚሊዮኑ፣ ማለትም ግማሽ ያህሉ፣ ሴቶች የበለጠ ከመማራቸው ጋር የተያያዘ ነው ሲል ጥናቱ ደመደመ። ጸሐፊው ይህን ጥናት ጠቅሰው «መያያዝ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም» ብለው ያልፉታል። በዚህ ጥናት ብቻ ብንቀር ኖሮ ዝም እል ነበር።

ግን አልቀረንም። ተመራማሪዎችም ይኸው ጥርጣሬ ነበራቸው። ስለዚህ ሀብታም ሆነ ድሃ ሳይለይ፣ በተወለደችበት ዓመት ብቻ አንዷ ልጅ የምትማርበት ሌላዋ የምትቀርበት አጋጣሚ ፈለጉ። ልክ እንደ ዕጣ ማለት ነው። አገኙም።

ታይዋን በ1968 የግዴታ ትምህርትን ከ6 ዓመት ወደ 9 ዓመት አሳደገች። ከ150 በላይ አዳዲስ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ተከፈቱ። አንዱ አካባቢ ብዙ አገኘ፣ ሌላው ጥቂት። በዕድሜ ጥቂት የምትበልጥ ልጅ ሕጉ ሳይደርስላት አለፋት፣ ታናሿ ግን ተማረች። ዓመታት አለፉና እነዚህ ልጆች እናቶች ሆኑ። ተመራማሪዎቹ ሲያወዳድሩ ለውጡ ከእያንዳንዱ 1,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት የአንዱን ያህል ሕይወት እንዳተረፈ አገኙ። አንድ ትንሽ ይመስላል። በአንድ አገር ውስጥ በየዓመቱ ለሚወለዱት ሁሉ ስትደምሩት ግን ትንሽ አይደለም።

ዚምባብዌን ደግሞ እንይ። በ1980 ነጻነት ሲመጣ ለጥቁር ሕዝቧ በአብዛኛው ተዘግቶ የቆየው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በአንዴ ተከፈተ። ያኔ 14 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነች ልጅ ደረሰላት። ትንሽ ከፍ ያለችው አመለጣት። ሁለቱም በአንድ መንደር፣ በአንድ ዓይነት ኑሮ ያደጉ ናቸው። የለውጡ ተጠቃሚ ከሆኑት እናቶች የተወለዱ ልጆች ጥቂት ከሚበልጧቸው እናቶች ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት ዕድላቸው በ21 በመቶ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ቦትስዋና ላይ የታየው ከሕፃናት ሞት ይለያል። በ1996 መንግሥት የትምህርት እርከኑን አስተካክሎ 10ኛ ክፍልን ወደ መለስተኛው ሁለተኛ ደረጃ አወረደው። በዚህም ብዙ ልጆች አንድ ዓመት ያህል ጨምረው ተማሩ። ያቺ አንድ ተጨማሪ ዓመት በሴቶች ላይ በኤችአይቪ የመያዝን ዕድል በ11.6 የመቶኛ ነጥብ ቀነሰች። አንድ ዓመት! ከዚህ የሚበልጥ ክትባት ቢገኝ ዓለም በሙሉ በሰልፍ ይቆም ነበር።

እንግዲህ ጸሐፊው «ሀብት ነው» ሲሉ እነዚህ ልጆች ከየት ያመጡት ሀብት እንደሆነ ሊነግሩን ይገባ ነበር። የሚለያያቸው የተወለዱበት ዓመት ብቻ ነው።

ደግሞ እንዴት እንደሚሠራ እናውቃለን። አስማት የለውም። ሮበርት ሌቫይን የተባሉ አንትሮፖሎጂስት ከባልደረቦቻቸው ጋር በሜክሲኮ፣ በኔፓል፣ በቬንዙዌላና በዛምቢያ እናቶችን አጥንተዋል። የሚገርመው፣ የእናቶቹ ትምህርት ብዙም ያልገፋ ቢሆን፣ ትምህርት ቤታቸውም ደካማ ቢሆን፣ ልዩነቱ ይታያል። የሬዲዮ የጤና ማስታወቂያ ሲነበብላቸው ይገባቸዋል። ነርሷ ያለችውን በራሳቸው አባባል መልሰው ያስረዳሉ። እንግዳ የሆነ ሰው በእንግዳ ቋንቋ ሲያናግራቸው አይደነግጡም። እስቲ አስቡት፦ ልጇ ተቅማጥ የያዘባት እናት ሌሊት አንድ ከረጢት ኦአርኤስ፣ ማለትም በተቅማጥ የጠፋውን ፈሳሽ የሚተካ ንጥረ ነገር፣ ይዛ ተቀምጣለች። ከረጢቱ ላይ በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥ ተጽፏል። ማንበብ የምትችለዋና የማትችለዋ እናት በዚያች ሌሊት አንድ ቦታ ላይ አይደሉም።

ሦስተኛው ነጥብ ጽሑፉን በሙሉ የተሸከመው ነው፦ «ይማራሉ፣ ግን ሥራ አይገቡም፤ ስለዚህ ገንዘቡ ባክኗል።» ጸሐፊው ዮርዳኖስንና ሕንድን ያነሳሉ። እውነታው ራሱ አይካድም። ዮርዳኖስ ውስጥ ሴቶች በደንብ ይማራሉ፣ ለሥራ ከደረሱ 100 ሴቶች ግን በሥራ ገበያው ውስጥ ያሉት 15 ገደማ ናቸው። ሕንድም ውስጥ ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ ለዓመታት፣ የሴቶች ትምህርት እየጨመረ የሥራ ተሳትፏቸው ቀንሷል።

ታዲያ ይህ የሚያሳየው ምንድን ነው? ሁለት በር ያለው ቤት ነው። የመጀመሪያውን በር ከፈትን፣ ሁለተኛው ግን ተቆልፏል። ጸሐፊው ሁለተኛው ስለተቆለፈ የመጀመሪያውንም እንዝጋው እያሉን ነው። እኔ ደግሞ ቁልፉ የት እንዳለ ነው የምጠይቀው። በደህና የሚያደርስ ትራንስፖርት የለም። ሕፃን የሚያውሉበት ቦታ የለም። ቀጣሪው «ነገ ትወልዳለች» ብሎ ያልፋታል። ሕጉም አያግዝም፤ የዓለም ባንክ በ2024 ባወጣው ግምገማ መሠረት በዓለም ላይ ሴቶች ያላቸው ሕጋዊ መብት ከወንዶቹ ጋር ሲመዘን ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ይህ ሁሉ ትምህርት ቤት የፈጠረው ችግር አይደለም።

ሁለተኛው በር ሲከፈት ምን እንደሚሆን ባንግላዴሽ አሳይታለች። የልብስ ፋብሪካዎች ሲስፋፉ ማንበብና መቁጠር የምትችል ሴት ተፈለገች። ፋብሪካ ባለባቸው አካባቢዎች ትንንሽ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት የሚቆዩበት ጊዜ ረዘመ፣ ትልልቆቹም ትዳርንና ወሊድን አዘገዩ። ሥራው ትምህርቱን ጎተተው፣ ትምህርቱም ሥራውን። ጸሐፊው ፋብሪካና ትምህርት ቤት የሚሻሙ አድርገው ነው ያቀረቡት። በተግባር የታየው ግን አንዱ ለሌላው ሲጠቅም ነው።

ሥራ ለሚገቡት ከሆነ ሂሳቡ ግልጽ ነው። ጆርጅ ሳካሮፖሎስና ሃሪ ፓትሪኖስ የተባሉት ኢኮኖሚስቶች ለአሥርት ዓመታት የሰበሰቡት መረጃ አለ። አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት በአማካይ 9 በመቶ ገደማ ደመወዝ ይጨምራል። ለሴቶች ደግሞ ጭማሪው ከወንዶች ይበልጣል። የዓለም ባንክ በ2018፣ ሴት ልጆች 12 ዓመት ትምህርት ባለመጨረሳቸው ዓለም በዕድሜ ልክ ገቢና ምርታማነት ከ15 እስከ 30 ትሪሊየን ዶላር ታጣለች ብሎ ገምቷል። ይህን ቁጥር ብዙ ልደገፍበት አልፈልግም፣ ግምት ነውና። ደመወዝ መጨመሩ ግን በየአገሩ ደጋግሞ የታየ ነው።

ከሁሉ በላይ ያስከፋኝ ግን ሌላ ነው። ጸሐፊው የተማረችውን ልጅ የፈለጓት አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ፔሮል ላይ። እዚያ ስሟን ሲያጡት የለችም አሉ። ከላይ ያነሳኋቸው የታይዋንና የዚምባብዌ እናቶች ብዙዎቹ ምናልባት ደመወዝተኛ አልነበሩም። ልጆቻቸው ግን በሕይወት አሉ። ያ ሕፃን በየትኛው የሂሳብ መዝገብ ላይ ነው የሚጻፈው? የልጇን የክትባት ካርድ የምታነብ፣ የቤት ሥራ የምታሠራ፣ ውል ላይ ከመፈረሟ በፊት የምታነብ ሴት ሥራ ፈት አይደለችም። ሥራዋ ስላልተከፈለበት ነው ያልታየው።

አራተኛው ነጥባቸው ትዳር ይፈርሳል፣ ወሊድም ይቀንሳል የሚል ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት በዘመናዊ ልብስ መጣ ማለት ነው። አጭር መልስ ይበቃዋል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 12 ሚሊዮን ልጃገረዶች 18 ዓመት ሳይሞላቸው ይዳራሉ። ትምህርት የሚያዘገየው የእነዚህን ትዳር ነው። በብዙ አገሮች አንዲት ልጅ ሁለተኛ ደረጃ በቆየችበት በእያንዳንዱ ዓመት ያለዕድሜዋ የመዳር ዕድሏ በ5 የመቶኛ ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ባንግላዴሽ ይህን ገብቷት ነው በ1994 በመላ አገሪቱ ለገጠር የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች የኪስ ገንዘብ መስጠት የጀመረችው። ሦስት ግዴታ ነበረበት፦ ከትምህርት ቀኑ 75 በመቶውን መገኘት፣ በፈተና ቢያንስ 45 በመቶ ማምጣት፣ አለማግባት። ዛሬ እዚያ ሁለተኛ ደረጃ ውስጥ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይበዛሉ። አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው ልጅ ቁጥርም ከሰባት ገደማ ወደ ሁለት ገደማ ወርዷል። በእርግጥ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎቱም ድርሻ አለው። ቢሆንም የሕፃን ሞት አብሮ ቀንሷል። ጥቂት ወልደው ያሳደጉ እናቶችን «ቤተሰብ አፈረሱ» ማለት አይቻልም።

አምስተኛው ስለ ወንዶች ልጆች ነው። ይህን በጥሞና ነው ያነበብኩት፣ ምክንያቱም እውነት አለው። ዩኔስኮ በ2023 ባወጣው ቁጥር ከትምህርት ቤት ውጭ ካሉት 250 ሚሊዮን ልጆችና ወጣቶች ሴቶቹ 122 ሚሊዮን ናቸው። ወንዶቹ ጥቂት ይበልጣሉ ማለት ነው። በብዙ አገሮች በንባብ ወንዶቹ ወደ ኋላ ቀርተዋል፣ ትምህርት ያቋርጣሉ፣ ወደ ጉልበት ሥራ ይገባሉ። ዩኔስኮ ራሱ በ2022 ስለዚህ ጉዳይ ለብቻው ሪፖርት አውጥቷል። ስለ ሴት ልጆች የምንቆረቆር ሰዎች ይህን ለመናገር ማመንታት የለብንም።

ግን አማካዩ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ትምህርት ቤት ያልገቡት ሴቶች ከወንዶች ይበልጣሉ። በዓለም ላይ ማንበብና መጻፍ ከማይችሉት አዋቂዎች ደግሞ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት ሴቶች ናቸው። ከዚህም በላይ ጸሐፊው ለሴቶች የዋለ ገንዘብ ከወንዶች የተወሰደ ነው ብለው ያስባሉ። ኬንያ ውስጥ ቡሲያ በተባለው አካባቢ በ2001 እና በ2002 የተሞከረ ነገር አለ። በፈተና ጥሩ ውጤት ያመጡ የ6ኛ ክፍል ሴት ልጆች ብቻ ስኮላርሺፕ ያገኛሉ ተባለ። ወንዶች በደንቡ አይካተቱም። ሴቶቹ ውጤታቸው ከፍ አለ። እዚያው ያሉ ወንዶችም ውጤታቸው ከፍ አለ። ሽልማቱን እንደማያገኙት እያወቁ ማለት ነው። ምን ተፈጠረ? ይቀሩ የነበሩ መምህራን ክፍል መገኘት ጀመሩ። ወላጆች ትምህርት ቤቱን ዞር ብለው ማየት ጀመሩ። የክፍሉ መንፈስ ተቀየረ። በነቃ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ይማራል። እኔ በዚህ ርዕስ ላይ ካነበብኳቸው ጥናቶች ሁሉ ይህን የምወደው ለዚህ ነው።

ስድስተኛ፣ «ትምህርት ቤቶቹ ምንም አያስተምሩም» ይላሉ። ቁጥሩ ያሳዝናል። የዓለም ባንክና አጋሮቹ በ2022 እንዳሉት በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ10 ዓመት ልጆች 70 በመቶ ያህሉ አንድ ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። እስማማለሁ፣ ያሳፍራል። የሚያስፈልገውም ጥራት ነው።

የማልስማማው መደምደሚያው ላይ ነው። «ጥራቱ እስኪስተካከል ሴቶችን ማስገባት እናቁም» ማለት ሐኪም ቤቱ እስኪታደስ ሕመምተኞች ይጠብቁ እንደማለት ነው። ጥራትን ማሻሻል ይቻላል፣ መንገዱም ይታወቃል። ፕራታም የተባለው የሕንድ ድርጅት ልጆችን በዕድሜ ወይም በክፍል ሳይሆን በሚችሉት ደረጃ አቧድኖ ማንበብ ያስተምራል። ፊደል የሚለዩት ለብቻ፣ ቃል የሚያነቡት ለብቻ። ዘዴው ውድ አይደለም። ውጤቱ በተደጋጋሚ ተፈትኖ ታይቷል፣ ወደ አፍሪካ አገሮችም ተሻግሯል።

ደግሞ ትምህርት ቤት ፊደል ብቻ አይደለም። ሴራሊዮን ውስጥ በ2014 ኢቦላ ሲገባ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ልጃገረዶቹ የሚውሉበት አጡ። በወረርሽኙ ክፉኛ በተጎዱ መንደሮች ያለዕድሜ እርግዝና በከፍተኛ ደረጃ ጨመረ። ትምህርት ቤት ሲከፈትም ብዙዎቹ አልተመለሱም። በአንጻሩ ልጃገረዶች የሚሰባሰቡበት ክበብ በተከፈተባቸው መንደሮች ጉዳቱ በአብዛኛው ተገታ። ምንም ባያስተምር እንኳ በር ያለው፣ ጠባቂ ያለው፣ ጓደኛ ያለበት ቦታ ምን ያህል እንደሚያድን ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላየሁም። ከዚያ የመጣው ግን ያሳዝናል። በ2015 መንግሥት እርጉዝ ልጃገረዶች ከሌሎቹ ተማሪዎች ጋር እንዳይማሩ ከለከለ። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2019 ክልከላው አድልዎ ነው ብሎ ፈረደ። በመጋቢት 2020 ተነሳ። አምስት ዓመት! በአምስት ዓመት ውስጥ አንዲት ልጅ አብዛኛውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ትጨርሳለች።

የመጨረሻው ነጥባቸው እንዲህ ይላል፦ «ቤተሰቦቹም ልጆቹም ትምህርቱን አይፈልጉትም። ከውጭ የተጫነባቸው ነገር ነው።» ከባህል ጋር መጋጨት ገንዘብ ማባከን ነው ይላሉ።

ብዙ ጊዜ «ባህል ነው» የምንለው ነገር ሲመረመር ርቀት ሆኖ ይገኛል። የሕንዷ ቢሃር ግዛት በ2006 አንድ ቀላል ነገር አደረገች። 9ኛ ክፍል ለምትገባ ሴት ተማሪ ሁሉ ብስክሌት መግዣ ገንዘብ ሰጠች። ሁለተኛ ደረጃ የሚገቡ ሴቶች ቁጥር በ32 በመቶ ጨመረ። በወንድና በሴት መካከል የነበረው የምዝገባ ልዩነት በ40 በመቶ ጠበበ። ትልቁ ለውጥ የታየው ትምህርት ቤት በራቀባቸው መንደሮች ነው። ባህሉ በአንድ ዓመት አልተለወጠም። መንገዱ ነው ያጠረው። ሴት ልጆች በቡድን ሆነው ብስክሌት ሲነዱ ማየትም ቀስ በቀስ የተለመደ ነገር ሆነ። አባቶች ይፈሩት የነበረው ልጃቸው መማሯን ሳይሆን ብቻዋን ረጅም መንገድ መሄዷን ነበር። ለዚህ ደግሞ ማንም አባት አይወቀስም።

ጸሐፊው እንደ ዋና ምሳሌ የሚያነሱት አፍጋኒስታንን ነው። እንግዲያውስ እዚያው እንሂድ። በ2007 ጎር በተባለው ሩቅ ግዛት በሚገኙ 31 መንደሮች ጥናት ተካሄደ። በዕጣ የተመረጡት መንደሮች እዚያው መንደራቸው ውስጥ ትንሽ ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው። ትልቅ ሕንፃ የለም። ዘመቻ የለም። የሴቶች ምዝገባ በ52 የመቶኛ ነጥብ ጨመረ። የወንዶቹም በ35 ጨመረ። በሁለቱ መካከል የነበረው ሰፊ ልዩነት ከሞላ ጎደል ጠፋ። እነዚያ «አይፈልጉም» የተባሉት ወላጆች በሩ አጠገባቸው ሲከፈት ልጆቻቸውን አስገቡ።

ከዚያ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ታሊባን ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ በመስከረም 2021 ሁለተኛ ደረጃ ለወንዶች ብቻ ተከፈተ። በታኅሣሥ 2022 ዩኒቨርሲቲም ለሴቶች ተዘጋ። ዩኔስኮ በ2024 እንዳለው ከ2021 ወዲህ ሆን ተብሎ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የተከለከሉት ልጃገረዶች ቢያንስ 1.4 ሚሊዮን ናቸው። ጸሐፊው ይህን እንደ ሕዝቡ ምርጫ አድርገው ጽፈውታል። መጋቢት 23 ቀን 2022 ጠዋት የሆነውን ግን አልጻፉም። በዚያን ቀን ሁለተኛ ደረጃ ለሴቶችም ይከፈታል ተብሎ ነበር። ልጃገረዶቹ ስድስት ወር ሲጠብቁ ቆይተው በማለዳ ተነሱ። ደብተራቸውን ይዘው፣ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው መጡ። የላካቸው የእርዳታ ድርጅት አልነበረም። ክፍል ገብተው ተቀመጡ። ጥቂት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ትዕዛዝ መጣና ወደ ቤት ተመለሱ ተባሉ። ብዙዎቹ ቦርሳቸውን አቅፈው እያለቀሱ ነው የወጡት።